ፈራጅና ታዳጊ

ከአራዳ ወደ ቸርችል ጎዳና የሚወርድ መንገደኛ የሚያገኘው ቴዎድሮስ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከአንድ ንጉሥ ነው፤ ንጉሡ ደግሞ የዙፋን ስማቸውን የወሰዱት ከአንድ ትንቢት ነበር። «ፍካሬ ኢየሱስ» በተሰኘው መጽሐፍ፣ ከብዙ መዓትና መቅሠፍት በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ምድሪቱን በሰላም እንደሚገዛ ተጽፏል። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ ይህንን ስም መምረጣቸው እንዲያው በአጋጣሚ አልነበረም። ሕዝቡ ይጠብቅ የነበረው ታዳጊ እርሳቸው መሆናቸውን ማወጃቸው ነበር።

ይህ ተስፋ ሥሩ የዕብራውያን ቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ ይደርሳል። በእነዚያ መጻሕፍት ፍርድና መታደግ እንደ ዛሬው አነጋገር የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። ዛሬ «ተፈረደበት» ሲባል ወኅኒ ቤትና ሰንሰለት በዓይነ ኅሊና ይመጣል። ዕብራይስጡ «ሾፌት» የሚለው ሰው ግን ዳኛም ነው፤ የተገፋውን ከገፊው እጅ የሚያስጥልም ነው። ዲቦራ ከዘንባባ ሥር ተቀምጣ የሕዝቡን ሙግት ትሰማ ነበር፤ ባርቅን አስነሥታ 900 የብረት ሠረገላ ባለው በሲሣራ ጦር ላይ ያዘመተችውም ያችው ዲቦራ ናት። በየቆሎ ትምህርት ቤቱ በቃል የሚጠናው መዝሙረ ዳዊትም ንጉሥ ለድሀው እንዲፈርድና የችግረኛውን ልጆች እንዲያድን በአንድ ትንፋሽ ይለምናል። እንግዲህ ፍርድ የተነጠቀውን ለባለቤቱ መመለስ ነው ማለት ነው። ቀማኛው ይህንን መቅሠፍት ይለዋል፤ የተቀማው ግን ነጻነት ይለዋል። ከግብጽ የመውጣት ታሪክ ሁሉ በዚህ ዓይን የሚነበብ ነው።

የአገራችን ሊቃውንት የዲቦራንና የጌዴዎንን ታሪክ የያዘውን መጽሐፍ «መጽሐፈ መሳፍንት» ብለው ጠሩት። በእስራኤል ንጉሥ ስላልነበረ ሁሉም ደስ ያለውን ያደርግ እንደነበር የሚተርክ በመሆኑ፣ ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. የነበረው ዘመን ስሙን ከዚያው ተዋሰ። ነገር ግን በመዋሱ ውስጥ አንድ መራራ ምፀት አለ። የመጽሐፉ መሳፍንት (ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ) ሕዝቡን ከጠላት ለመታደግ የተነሡ ነበሩ። የዘመነ መሳፍንት መሳፍንት ግን ባላገሩ ታዳጊ ያጣባቸው ነበሩ። ገበሬው የሚዋጉትን ሁሉ በየተራ ይቀልብ ነበር፤ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ጎተራውን ሳያራግፍ አያልፍም። ትንቢት ፈላጊ የሚሆን ሕዝብ ይህን የመሰለ ኑሮ ያስመረረው ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስም የራሳቸውን መነሣት የተረዱት በዚሁ መጽሐፍ ሥርዓት ነው። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በላኩት ደብዳቤ፣ አባቶቻቸው ነገሥታት ፈጣሪን በመርሳታቸው መንግሥታቸው ለሌሎች አልፎ እንደተሰጠ፣ እርሳቸውን ግን እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ ግዛቱን እንደመለሰላቸው ገልጸዋል። ሕዝብ ይበድላል፣ ለጠላት ይሰጣል፣ ይጮኻል፣ ታዳጊ ይነሣለታል፤ መጽሐፈ መሳፍንት ደጋግሞ የሚያዞረው ክብ ይኸው ነው።

ሆኖም መጽሐፉ ታዳጊው ከታደገ በኋላ ምን እንደሚሆንም ይናገራል፤ ይህንን ክፍል አንባቢ ብዙ ጊዜ በችኮላ ያልፈዋል። ጌዴዎን ንጉሥነትን እምቢ ካለ በኋላ በምርኮው ወርቅ የሠራው ኤፉድ ለቤቱ ወጥመድ ሆነበት። ዮፍታሔ ለድል በተሳለው ስለት የገዛ ልጁን ገበረ። ነቢያቱ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያከርሩታል። አሞጽ የፍርድን ቀን በናፍቆት የሚጠብቁትን፣ ያ ቀን ለእነርሱ ብርሃን ሳይሆን ጨለማ እንደሚሆንባቸው ያስጠነቅቃል። ከዚህም አልፎ እስራኤልን ከኢትዮጵያውያን ጋር አስተካክሎ፣ እስራኤልን ከግብጽ ያወጣው አምላክ ፍልስጥኤማውያንንና ሶርያውያንንም ከየነበሩበት እንዳወጣ ይነግራቸዋል። መታደግ የአንድ ወገን ርስት አይደለም ማለቱ ነው። ኢሳይያስ አሦርን የቁጣ በትር ይለዋል፤ ነገር ግን በትሩ የያዘውን እጅ ረስቶ በራሱ ኃይል በተመካ ጊዜ በተራው ይፈረድበታል። ዕንባቆምም በደለኛውን ከእርሱ በባሰ በደለኛ መቅጣት እንዴት ፍትሕ እንደሚሆን ፈጣሪውን ፊት ለፊት ይሞግታል።

ዐፄ ቴዎድሮስ አገር አንድ ለማድረግ የለፉ፣ ለመድፍና ለመንገድ ሥራ በገዛ እጃቸው ድንጋይ የተሸከሙ ንጉሥ ነበሩ። ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ ምስሉ ለአደባባዩ መታወቂያ የሆነው ሴባስቶፖል ያንን ምኞት ይመሰክራል። ሆኖም ዐመፅ በየአቅጣጫው ሲነሣ ቅጣቱ ከዐመፀኛው አልፎ በባላገሩ ላይ ወረደ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠለች። በዘመነ መሳፍንት ጎተራው የተራገፈበት ገበሬ አሁን ደግሞ ከታዳጊው ጦር ይሸሽ ጀመር። በትሩ እጁን የረሳው እዚህ ላይ ነው ቢባል ፍርዱ የተጋነነ አይሆንም።

የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ» ንጉሡን ለትውልዱ አቅርበዋል፤ በሕዝቡም ልብ ከሁሉ ጎልታ የቀረችው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የተተኮሰችው ሽጉጥ ናት። እጅ አልሰጥም ማለት ክብር ነውና ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ መቅደላ ላይ ሌላ ነገር ተፈጽሞ ነበር። እስረኞች ምግብና ውሃ አጥተው በመጮኻቸው ንጉሡ እንደተቆጡ ይነገራል፤ ብዙዎቹም ከአምባው ገደል ተወረወሩ። አብርሃም ስለ ሰዶም ሲማለድ ከ50 ጻድቃን ተነሥቶ እስከ 10 ቁጥሩን እያወረደ የተከራከረው፣ የምድር ሁሉ ዳኛ ጻድቁን ከበደለኛው ጋር እንዳያጠፋ ነበር። በዚያ ገደል አፋፍ ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው ነበሩ። በማግሥቱ፣ በስቅለት ዕለት፣ ጦራቸው አሮጌ ሜዳ ላይ ተሸነፈ።