«ጋሼ፣ ናይትሮክስ ልማር ወይ?»

ይህን የሚጠይቁኝ ልጆች አብዛኞቹ የመጀመሪያ የስኩባ ካርዳቸውን ካገኙ ወር እንኳ ያልሞላቸው ናቸው። እስራኤል፣ ኤይላት ዳርቻ ላይ ውሃው ከላያቸው ሳይንጠባጠብ፣ «ያ ቢጫና አረንጓዴ የናይትሮክስ ታንክ የያዙት ሰዎች ከእኛ የበለጠ ይጠልቃሉ አይደል?» ይሉኛል። አይጠልቁም። እንዲያውም ከእናንተ ቀድመው ነው መቆም ያለባቸው።

የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ናይትሮጅን። ውሃው ሲጫነን ናይትሮጅኑ ወደ ደማችንና ወደ ሥጋችን ይሰርጋል። ቸኩለን ከወጣን ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ አረፋ ይሆናል። ናይትሮክስ ኦክስጅኑን ወደ 32 ወይም 36 በመቶ ከፍ አድርጎ ናይትሮጅኑን የቀነሰ ድብልቅ ነው። በጣም በተለመደው የመማሪያ ሠንጠረዥ፣ 18 ሜትር ላይ በአየር 56 ደቂቃ የሚፈቀድላችሁ በ32 በመቶ 95 ይሆናል።

ቁጥሩ ያጓጓል። እስቲ ግን አብረን እናስላ። 12 ሊትር ታንክ 200 ባር ተሞልቶ፣ 50 ባር ለመጠባበቂያ ብትተዉ፣ በእጃችሁ ያለው 1,800 ሊትር ነው። ጀማሪ ከውሃ በላይ በደቂቃ 20 ሊትር ይተነፍሳል እንበል፤ 18 ሜትር ላይ ግፊቱ 2.8 ባር ነውና 56 ሊትር ይፈጃል። 32 ደቂቃ! አየሩ የሚፈቅደውን 56 እንኳ ሳትጨርሱ ታንኩ አለቀ፤ 95ቱ ምን ሊሠራላችሁ? ለእንዲህ ያለው ጀማሪ መልሴ አጭር ነው፦ ገና ነው። ገንዘቡን ለተጨማሪ ጠለቃ አውሉት፤ ቀስ ብሎ መተንፈስንና እጅ ሳያወናጭፉ መንሳፈፍን ልመዱ።

ትርፉ የሚታየው ግብፅ ውስጥ ከሁርጋዳ ወይም ከሻርም ኤል ሼክ ተነስታችሁ፣ ጀልባ ላይ እያደራችሁ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለሳምንት ስትጠልቁ ነው። ያን ጊዜ የጠዋቱ ናይትሮጅን ሳይወጣ የከሰዓቱ ይደረብበታል። እዚያው ያለችውን ቲስልጎርምን እዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ያሰጠሟት የእንግሊዝ ጭነት መርከብ ናት፣ ሞተር ብስክሌቶቹ ዛሬም በሆዷ ውስጥ እንደቆሙ ናቸው። የተቀመጠችው 30 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለ32 በመቶ በልኩ የተሰፋች ትመስላለች። ናይትሮክስ ድካም ይቀንሳል የሚሉም አሉ፤ እኔ ከምሳ በኋላ ያው እንቅልፌን እተኛለሁ።

ዲክ ሩትኮውስኪ እ.ኤ.አ. በ1985 ናይትሮክስን ለመዝናኛ ጠላቂዎች ማስተማር ሲጀምር፣ በሙያው ውስጥ ያሉ ብዙዎች እንደ እብደት ነበር ያዩት። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ኦክስጅንም ግፊት ሲበዛበት መርዝ ነው። የእሱ ድርሻ ብቻ ሲሰላ ከ1.4 ባር ካለፈ፣ ምልክት ሳይሰጥ ሰውን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፤ አፍ ውስጥ የተያዘው መተንፈሻ ይወድቃል፣ ቀጥሎ መስጠም ነው። ስለዚህ በ32 በመቶ ከ33 ሜትር፣ በ36 በመቶ ከ28 ሜትር አይታለፍም።

አንድ ጠዋት «32 ነው» ተብሎ የተሰጠኝን ታንክ ስለካው መሣሪያው 36 አለ። ዕቅዳችን 30 ሜትር ነበር፤ ስሌቱ 1.44 ባር ይመጣል። ምናልባት ምንም አልሆንም ነበር። የሞላው ልጅ ግን ጨዋና ትሑት፣ ስህተቱ ደግሞ የአንድ ተለጣፊ ወረቀት ብቻ መሆኑ ነው ያስደነገጠኝ። በአንድ ቀን ለሚያልቀው የናይትሮክስ ትምህርት ገንዘብ የሚያስወጣው ይሄ ነው፦ ታንካችሁን ራሳችሁ ትለካላችሁ፣ ቁጥሩንና ጥልቀቱን ራሳችሁ ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ፣ ኮምፒዩተራችሁንም በዚያው ቁጥር ታስተካክላላችሁ። መምህሩ መለኪያውን በእጃችሁ ካላስያዛችሁ ሌላ መምህር ፈልጉ።

ጅቡቲ ጠልቃችሁ ወደ አዲስ አበባ ለምትመለሱት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ለመብረር ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው ምክሩ፤ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላም ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታው አይለቃችሁም። በመኪና ብትወጡም ያው ነው። «የተነፈስኩት ናይትሮክስ ነው» ብላችሁ ከሰዓቱ እንዳትሸርፉ። የመጨረሻውን ቀን ከውሃ ውጡና ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የየመን አሠራር ዓሣ ብሉበት።