የበቅሎዋ ጀርባ

የወገራ ሰው ነው አሉ። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ግን ገና ሽምግልና የሚቀመጥ፣ ለቅሶ የሚደርስ። ያችን ሰጋር በቅሎውን ከልጁ ለይቶ አያያትም። አሮጌው ኮርቻ ሲሰበርበት በቅሎዋን ቤት ትቶ፣ በአይሱዙ ተሳፍሮ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወረደ።

መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበት ኮርቻ ቆዳው ቀይ፣ ጠርዙ በክር የተጠለፈ ነበር። ነጋዴው «ደጃዝማች የሚቀመጥበት ነው፤ ለየትኛዋም በቅሎ ልክ ነው» አለው። ዋጋው ስላስደነገጠው እስኪ ልዙር ብሎ ጥግ ላይ ቆዳ እየሰፉ ወደተቀመጡ ሽማግሌ ኮርቻ ሠሪ ዘንድ ሄደ።

«በቅሎዋስ የት አለች?» አሉት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«ቤት ናት፣ አባባ።»

«ጫንቃዋ የወጣ ነው ወይስ ዝርግ ናት?»

«ያው በቅሎ ናት እንጂ።»

«እንግዲያስ አምጣትና ልያት። ሳላይ አልሸጥም።»

ሰውየው ተቆጣ። ከወገራ ድረስ የመጣ ገዢ ባዶ እጁን ይመለሳል? ተመልሶ ቀዩን ገዛ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ያላየው፣ ያላደነቀው አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት በቅሎዋ ኮርቻ ስታይ ጆሮዋን ታስተኛ፣ ጀርባዋን ትሰብቅ ጀመር። ሰውየው ኮርቻው ላልቶ መስሎት ጠበቅ አድርጎ አሰረው። ከሥሩ ጨርቅ ጨመረበት። ቅቤም ቀባት፤ በቅቤው ኮርቻው ይበልጥ ተንሸራተተ። አንድ ቀን ሚስቱ ግላሱን ገልጣ ብታይ ጠጉሩ ረግፎ፣ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ቀልቶ ያዣል። «ቀይ ኮርቻ ገዛሁ ብለህ ቀይ በቅሎ አደረግሃት» አለችው። በቅሎዋ ገጥባለች።

ኮርቻውን ተሸክሞ ቅዳሜ ገበያ ቢመለስ፣ ያ ነጋዴ በርበሬ ሲሸጥ አገኘው። «እሱ እኮ ያኔ በአጋጣሚ የመጣ ዕቃ ነበር፤ አልቋል» አለው። ምን ያድርግ? በሚቀጥለው ሳምንት በቅሎዋን እየሳበ፣ በእግሩ ጎንደር ገባ።

ሽማግሌው እጃቸውን በጀርባዋ ላይ ቀስ ብለው አሳለፉ። ከዚያ ገመድ አውጥተው ከጫንቃ ጫንቃ ለኩና ቋጠሮ ቋጠሩበት። «ቁስሉ ሳይሽር አልሠራልህም፤ ሲሽር ደግሞ እብጠቱ ስለሚወርድ ጀርባዋ ሌላ ነው። ያኔ እንደገና እለካለሁ» አሉት። ሰውየው እንዳይመላለስ ብሎ ሁለት እንዲሠሩለት ቢለምናቸው ሳቁ። «አንድ ይበቃሃል። ክረምቱን በልታ ስትወፍር ደላድሉን ላስተካክልልህ ትመጣለህ። እዚሁ ነኝ።»

በቅሎዋን እዚህ ላይ አስሬ ወደ ሰው ልለፍ።

በደጋው አገራችን የአንጀት መጠምዘዝ የታወቀ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ጎልማሳና ሽማግሌ ወንዶችን ነው። ከደባርቅ ወይም ከዳባት አንድ አባት ሆዱ ተነፍቶ፣ ሰገራም አየርም እንቢ ብሎት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካል። የተጠመዘዘው አንጀት ደም አጥቶ ሞቶ ከተገኘ ይቆረጥና፣ የቀረው ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል። ስቶማ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰገራው የሚጠራቀመው ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ነው። ማዘዣው ላይ «ኮሎስቶሚ ባግ» የሚል ብቻ ከተጻፈ፣ ልጁ ፒያሳ ላይ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር የሚያገኘው ያንኑ «ለሁሉም ይሆናል» የሚለውን ነጋዴ ነው።

ለሁሉም የሚሆን የለም። ሙጫ ያለበት ክብ ገጽ፣ ነርሶች ፍላንጅ የሚሉት፣ ቀዳዳው ከስቶማው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ሰፋ ማለት አለበት። ከዚያ ከሰፋ ሰገራው ቆዳ ላይ እየፈሰሰ ያቆስላል፤ በተለይ ከቀጭኑ አንጀት የሚወጣው ቆዳ ይበላል። ቁስል ላይ ደግሞ ሙጫ አይዝም። እንደ ሰውየው ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ ጨርቅ መደረብ፣ ቅባት መቀባት ነገሩን ያብሰዋል። ስቶማው ራሱም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 6 ወይም 8 ሳምንታት እብጠቱ እየወረደ ይጠባል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሻለው በመቀስ በልክ የሚቆረጠው ዓይነት ነው፤ ቀዳዳው ተበጅቶ የመጣው ልኩ እስኪረጋ ይቆይ።

ከረጢቱ የተወለደውም አንድ ሰው ታይቶ ነው። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በተከፈተበት ዘመን፣ በ1947 ዓ.ም. ገደማ፣ ኤሊሴ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ ቶራ የምትባል እህት ነበረቻት። ቶራ ስቶማ ከወጣላት ወዲህ ይፈስብኛል ብላ ሰው ፊት መቅረብ ፈርታ ነበር። ኤሊሴ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ከረጢት ያሰበችው ለእሷ ነው። ኮሎፕላስት የሚባለው ኩባንያ የተመሠረተው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

እንግዲህ ሻጭ ሲመረጥ፣ እኔ ብሆን በመጀመሪያ የምሰማው የሚጠይቀኝን ነው። ከትልቁ አንጀት ነው ከቀጭኑ? ስንት ሚሊሜትር ነው? ከሆዱ ወጣ ያለ ነው ወይስ ገባ ያለ? ይህን ሳይጠይቅ ዋጋ የሚጠራውን አልፈዋለሁ፤ «የእርስዎ ልክ እኔ ዘንድ የለም» ያለኝን ግን ስልኩን እይዛለሁ። ዋጋውንም በከረጢት ሳይሆን በቀን ነው የማስበው። በየቀኑ የሚላቀቅ ርካሽ፣ ሦስት አራት ቀን ከሚይዘው ውድ ይበልጥ ኪስ ያራቁታል። ፍላንጁና ከረጢቱ ለየብቻ የሆኑት ላይ ደግሞ የአንዱ ኩባንያ ቀለበት በሌላው ላይ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ስለዚህ ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ከመላኩ በፊት የድሮው ካርቶን ላይ ያለው ቁጥር በፎቶ ይላክለት። የሚያበቃበት ቀንም ይታይ፤ ሙቀት ቦታ የከረመ ሙጫ ይበላሻል። በደጋው ብርድ ያለው ችግር ሌላ ነው። ሙጫው ስለሚጠነክር ከመለጠፉ በፊት ብብት ሥር ትንሽ ማሞቅ ይረዳዋል።

ምን ያህል ይገዛ የሚለው ከሐኪሙ መልስ ጋር ይሄዳል። ብዙው የአንጀት መጠምዘዝ ሕመምተኛ ከወራት በኋላ ስቶማው ሊዘጋለት ስለሚችል፣ ካርቶን ሙሉ መግዛት ገንዘብ ማሰር ነው። የማይዘጋለት ሰው ግን፣ በተለይ ቤቱ ከሊማሊሞ ማዶ ከሆነ፣ መንገድ ሲቋረጥ ፌስታልና ጨርቅ እንዳያስር የጥቂት ሳምንት ትርፍ ቤቱ ይኑረው።