የፏፏቴው እውነትና የተናጋሪው ማንነት

ከገደል የሚወረወር ውሃ ድንጋይ ላይ ተከስክሶ እንደ ጢስ ይበተናል። ጢስ ዓባይም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ይህ ጢስ መሳይ ርጭት ግን እርጥበት ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ቻርጅም ይዟል። በውሃው ውስጥ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በጥቅሉ እኩል ናቸው። ይሁን እንጂ ውሃው ከአየር ጋር በሚገናኝበት ስስ ገጽ ላይ ሁለቱ እኩል አይደላደሉም። ስለዚህ ውሃው ሲሰነጠቅ ከገጹ የሚነጠሉት እጅግ ደቃቅ ጠብታዎች ኔጋቲቩን ይዘው በአየር ላይ ሲንሳፈፉ፣ ተለቅ ያሉት ፖዘቲቩን ይዘው ይወድቃሉ።

ይህንን እ.ኤ.አ. በ1892 ያብራራው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፊሊፕ ሌናርድ ነው። ክስተቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1905ም በካቶድ ጨረር ላይ ላደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ታዲያ የዚህ ሊቅ መጨረሻ ምን ሆነ? የሂትለር ደጋፊ ሆነ። «የጀርመን ፊዚክስ» በሚል ርዕስ ባሳተመው መጽሐፍ ሳይንስም በዘርና በደም የሚወሰን ነው ሲል ጻፈ። የአንስታይንን ሥራ አይሁዳዊ ነው እያለ አጥብቆ ተቃወመ። የሚያስገርመው ግን፣ አንስታይን ለ1921 የኖቤል ሽልማት ያበቃውን የ1905 ጽሑፉን ሲጽፍ ከተንተራሰባቸው ሙከራዎች መካከል የዚሁ የሌናርድ ሙከራ ይገኝበታል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ከዘረኛ ሰው የመጣ እውነት ይወሰዳልን?

አንዳንዶች «ሰውዬው ከተበላሸ ዕውቀቱም የተበላሸ ነው» ይላሉ። አባባሉ ለፍትሕ የቆመ ይመስላል። እኔ ግን አልቀበለውም። ለምን ቢባል፣ የሌናርድ ጥፋት ራሱ ይኸው ነበርና! «ምን ተባለ?» ከማለቱ በፊት «ማን አለው?» ብሎ ጠየቀ። የፏፏቴውን እውነት በእርሱ ምክንያት ብንጥል በእርሱው ሚዛን መመዘናችን ነው። የውሃ ገጽ ቻርጅ ከምን እንደሚመነጭ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ ክርክሩ የሚዳኘው ግን በልኬት እንጂ በዘር ሐረግ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «ሊቅ ነውና ቃሉ ሁሉ ይከበር» ይላሉ። ይህም ያው ስሕተት ነው፤ አሁንም የሚመዘነው ተናጋሪው ነውና። ለዓይን የማይታይ ቻርጅ የለካ ሰው፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን የሰው ልጅ ክብር ማየት ተስኖታል። ዕውቀት ብቻውን ልብን አያቀናም። ልጆቻችን በዲግሪ ላይ ዲግሪ ሲደርቡ ስናይ ይህን ልንዘነጋ አይገባም።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ነውን? በየመሥሪያ ቤታችንና በየሰፈራችን አንድ ሐሳብ ሲነሳ፣ ከሐሳቡ በፊት የተናጋሪውን ብሔርና ወገን የምንጠይቅ ስንቶች ነን? እውነትን ከማንም እንቀበል፤ አርአያነትን ግን ለሚገባው ብቻ እንስጥ። ሁለቱን ለይቶ መስጠት የሚያቅተው ኅብረተሰብ፣ ወይ ዕውቀት ያመልጠዋል፤ ወይ በዐዋቂ ይታለላል።