ስለ አሮጌ ጨዋታ ናፍቆትና ሆን ብሎ ስለ መሸነፍ

ሰው ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ከሚናፍቃቸው ነገሮች አንዱ ጨዋታ ነው። አገሩንና ዘመዱን ቢናፍቅ ማንም አይፈርድበትም፤ ጨዋታ ናፈቀኝ ሲል ግን ወጣቶች ይስቁበታል። እርሱም ወይ አፍሮ ዝም ይላል፤ ወይም ተቈጥቶ «የእኛ ጊዜ ጨዋታ ጨዋታ ነበረ» እያለ የማያልቅ ወቀሳ ይጀምራል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ለማድረግ አላሰብሁም። የተወለድሁበት የመንዝ ሰው በርስት ሙግት የታወቀ ነው፤ ምስክር ቆሞ ሲናገር ዝም ብሎ አይቀበለውም፤ «የት ቆመህ አየህ? ማንስ አብሮህ ነበረ?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ናፍቆትም ስላለፈው ዘመን የሚመሰክር ምስክር ነውና፥ ቃሉን ከመቀበላችን በፊት እንዲሁ ልንመረምረው ይገባል።

የእኔ ናፍቆት የሚመሰክርለት ጨዋታ ቼዝ ነው። ቼዝ ስልም ሰው ከሰው ጋር የሚጫወተውን ሳይሆን፥ ከመጀመሪያዎቹ የቤት ኮምፒዩተሮች በአንዲቱ ላይ የተጫወትሁትን ማለቴ ነው። በ1976 ዓ.ም. ለትምህርት በእንግሊዝ አገር ሳለሁ፥ አብሮኝ ይኖር የነበረ ተማሪ ሲንክሌር ዜድ ኤክስ 81 የምትባል ትንሽ ኮምፒዩተር ነበረችው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1981 ለገበያ የወጣች ስትሆን፥ ተገጣጥማ ያለቀችው በ69 ፓውንድ ከ95 ፔንስ ትሸጥ ነበር። የራሷ መስኮት ስለሌላት ከቴሌቪዥን ጋር ትያያዛለች፤ የጻፉባትንም ነገር ዘፈን በሚቀዳበት ተራ ካሴት ላይ ካላኖሩት፥ መብራቷ ሲጠፋ ሁሉን ትረሳለች።

መላ ማስታወሻዋ 1024 ባይት ብቻ ነበረ። ዴቪድ ሆርን የሚባል ሰው ግን በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጻፈላት፤ የፕሮግራሙም መጠን 672 ባይት ነበረ። ይህን በእኛ ነገር ብንመዝነው፥ ዛሬ በኮምፒዩተር አንድ የአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ 3 ባይት ይይዛልና፥ 224 ፊደል ይሆናል ማለት ነው፤ የዚህን አንቀጽ እኩሌታ እንኳ አይሞላም። እርግጥ ሦስት ሕጎች በቦታ ጥበት ቀርተውበታል። ንጉሡ ከግንቡ ጋር በአንድ ጊዜ ቦታ መለዋወጥ አይችልም፤ ወታደሩ ከዳር ቢደርስ አይሾምም፤ ሁለት እርምጃ ዘልሎ ያለፈውንም ወታደር በማለፊያው ላይ መብላት የለም። ከዚህ በቀር ግን ሙሉ ቼዝ ነበረ። ብርዱ ከደጅ እየነፈሰ፥ ጥቁርና ነጭ ምስል ላይ አፍጥጠን፥ መኪናይቱ አስባ እስክትመልስልን ድረስ ሻያችንን አፍልተን እንጠጣ ነበር።

እንግዲህ ምስክሩን ልመርምረው። የጥንት ኮምፒዩተሮች ወዳጆች የዚያችን መኪና ጠባይ በዛሬው ኮምፒዩተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም ስለ ሠሩ፥ ያው የድሮው ጨዋታ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል ዛሬም ይገኛል። እኔም ከብዙ ዓመት በኋላ አግኝቼ ተጫወትሁት። ደካማ ተጫዋች ነው፤ በአንድ ምሽት ደጋግሜ ረታሁት። ጨዋታው ሳይለወጥ ቆየኝ፥ ናፍቆቱ ግን አልወጣልኝም። ስለዚህ የናፈቅሁት የጨዋታውን ጥበብ አልነበረም። ታዲያ ወጣትነቴን ይሆን? በዚያው ዘመን በዚያው ቤት ሌሊቱን ሙሉ ካርታ እንጫወት ነበር፤ ካርታው ግን አንድም ቀን ናፍቆኝ አያውቅም። ወጣትነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በእኩል በናፈቀኝ።

ነገሩ የተገለጠልኝ የዛሬውን የቼዝ ፕሮግራም ሳይ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በግንቦት 1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር የዓለሙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን ረታ። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ እንኳ ከዓለም ሻምፒዮን ይበልጣል። ይህ ፕሮግራም ከእንደኔ ያለው ሰው ጋር በሙሉ ኃይሉ ቢጫወት ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ እኔም በሁለተኛው ቀን ትቼው እሄዳለሁ። ስለዚህ «ደረጃ» ተበጅቶለታል። ዝቅተኛውን ደረጃ የመረጡለት እንደሆነ፥ መልካሙን እርምጃ እያወቀ መጥፎውን ይመርጣል። ፈረሱን አሳልፎ ይሰጥሃል፤ አንተም በብልሃትህ የበላኸው ይመስልሃል።

ያች ትንሽ መኪና ግን ስትሸነፍ እውነቷን ነበር። ያላትን 672 ባይት ሁሉ አውጥታ ተሸነፈች፤ ከዚያ በላይ አልነበራትም። ስታሸንፈኝም የማን ልጅ እንደ ሆንሁ፥ ከየት አገር እንደ መጣሁ አታውቅም፤ አትንቀኝም አታዝንልኝም። በሰው አገር ለሚኖር ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ አንዱ ሲንቀው ሌላው ሲያዝንለት ይውላልና።

አሁን ከዚያች ቤት ወደ አገራችን ልመለስ፤ የእኛም አባቶች የራሳቸው ቼዝ ነበራቸውና። ሰንጠረዥ ይባላል። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1971 ስለዚህ ጨዋታ የጻፈውን ሳነብ፥ አንድ ቀን እንኳ ያልተጫወትሁትን ጨዋታ መናፈቅ ጀመርሁ። ጨዋታው ሲከፈት ሁለቱ ሰዎች ተራ አይጠባበቁም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እያንዳንዱ እንደ ፍጥነቱ ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ ይህም ወረራ ይባላል። ሠራዊቱ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም። ድልም ሁሉ እኩል አይደለም፤ በተራ ወታደር ንጉሥን መያዝ እጅግ የተከበረ ነው። እንዲህ ያለውን ሲያነቡ «የአባቶቻችን ጨዋታ እንዴት ያለ ጨዋነት ነበረበት!» ማለት ይመጣል። ያላዩትን የሚናፍቅ ናፍቆት ግን ከሌላው ይልቅ መፋጠጥ ያለበት ምስክር ነው።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1805 ወደ ትግራይ መጥቶ በአንጣሎ የራስ ወልደ ሥላሴ እንግዳ ሆኖ ነበር። ራስ ከመኳንንቱ ጋር ቼዝ ሲጫወቱ አይቶ የጻፈው ነገር አለ። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፥ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ፤ የጠላትን ጠጠር ሲበሉ በኃይል መትተው ከቦታው ያስፈነጥሩታል። ወታደሩ ገና ሲነሣም አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳል፤ ከዳር ደርሶም አይሾምም። (እንግዲህ በቦታ ጥበት ከዚያች መኪና የቀሩት ሕጎች በራስ ወልደ ሥላሴም ሰሌዳ ላይ አልነበሩም፤ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሥቄአለሁ።) ተመልካቹም ሁሉ፥ ባሮች እንኳ ሳይቀሩ፥ እየጮኹ ይመክራሉ፤ ጠጠሩንም በእጃቸው እያነሡ ያሳያሉ። ከዚህ በኋላ ሶልት አንድ ነገር ይጨምራል፦ ሰዎቹ በብዙ ብልሃት እየመሩ ጨዋታውን ሁሉ ራስ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር ይላል።

እነሆ፥ ዛሬ በስልካችን ያለው ፕሮግራም አዲስ ነገር አይደለም። የራስ መኳንንት ከ200 ዓመት በፊት ያውቁት ነበር።

ከዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ሆን ብሎ መሸነፍ ቸርነት ነው ወይስ ስድብ? የሚል ነው። እኔ ለዚህ የማቀርበው ሊቅ ከገራ ምድር፥ ከጓሳው አፋፍ የነበሩትን የአባቴን አባት ነው። ገብሱ በእሸት ጊዜ ጭላዳ እንዳያጠፋው ስንጠብቅ፥ መሬቱን ቆፍረን በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ እናበጅና ገበጣ እንጫወት ነበር። ከእኩዮቼ ጋር በጠጠር ነው፤ ማታ ከአያቴ ጋር ግን በባቄላ ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ባቄላው ወደ ንፍሮ ይገባል። እርሳቸው ባናቸውን ተከናንበው እንደ ቀልድ እያደሉ ሁልጊዜ ይበሉኛል። አንድ ቀን ባለቀስሁ ጊዜ እናቴ «እባክዎ አንዴ እንኳ ይሸነፉለት» ብላ ብትለምናቸው፥ «እንግዲያው ከድመቷ ጋር ይጫወት፤ ከእኔ ጋር ለምን መጣ?» አሏት። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ነገር አደረጉ። ጨዋታው ሳይጀመር፥ ሰው ሁሉ እያየ፥ ከራሳቸው ወገን ሁለት ጉድጓድ ባቄላ አውጥተው ሰጡኝና «አሁን ና» አሉኝ። እያደግሁ ስሄድ አንዱን መለሱ፤ ቆይተውም ሁለተኛውን መለሱ። በእኩል ባቄላ የረታኋቸው ዕለት የ12 ዓመት ልጅ ነበርሁ። እርሳቸውም በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላገኙት ሰው ሁሉ «ይህ ልጅ በላኝ እኮ!» እያሉ ሲናገሩ ዋሉ። ከዚያ በኋላ ካገኘሁት የምስክር ወረቀት ሁሉ ያን ቃላቸውን አስበልጣለሁ።

ምናልባት ከወጣት አንባቢዎች አንዱ «እናት ለሕፃን ልጇ በሩጫ ስትሸነፍለት እርሷም አታላይ ናትን?» ይለኝ ይሆናል። አይደለችም። እርሷ የምትሸነፍለት እንዲሮጥ ብላ ነው፤ ሲጠነክርም ትተዋለች። ልዩነቱ በመሸነፉ ላይ ሳይሆን፥ ተሸናፊው ከዚያ የሚፈልገው ምንድን ነው? በሚለው ላይ ነው። አያቴ ሁለቱን ጉድጓድ የሰጡኝ አንድ ቀን እንድመልሳቸው ነበር። የራስ መኳንንት ግን ራስ ጨዋታውን እንዲያውቁ አልፈለጉም፤ ደስ ብሏቸው እንዲውሉ ነው የፈለጉት። ሹመቱና ጕልቱ ያለው በደስታቸው በኩል ነበረና።

በስልካችን ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ጨዋታዎችም ደስታችንን የሚሹት ለዚሁ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2012 የወጣውን ካንዲ ክራሽ ሳጋን የማያውቅ ጥቂት ነው። 5 ነፍስ ይሰጥሃል፤ በወደቅህ ቁጥር አንዱን ይወስዳል፤ ሁሉ ሲያልቅ አንዲት ነፍስ እስክትመለስ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ አለብህ፤ አልጠብቅም ካልህ ትከፍላለህ። በዚህ ጊዜ ከፊትህ የተቀመጠው ባለጋራህ አይደለም፤ ባለሱቅ ነው። ባለሱቅ መሆኑን አልነቅፍም፤ ሱቅ የሚነግድበት ነው። የሚያሳዝነኝ የ12 ዓመት ልጅ ሳያውቀው ራስ ሆኖ መቀመጡ ነው። መኳንንቱ በዙሪያው ቆመዋል፤ አንድ ጊዜ ያስፈሩታል፥ ሌላ ጊዜ ያሸንፉታል፤ እውነተኛ ኃይሉ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚነግረው ግን ከመካከላቸው አንድም የለም። ይህ ልጅ በ50 ዓመቱ ምን ይናፍቅ ይሆን?

ነገር ግን የዚያችን መኪና ምስክርነት እስከ መጨረሻው መቀበልም አይገባኝም፤ እውነተኛ ባለጋራ ብትሆንም ዲዳ ነበረችና። ብረታትም «በላኝ እኮ!» ብላ ለማንም አትናገርልኝም። ያንን የሚናገርልኝ አብሮኝ የሚኖረው ተማሪ ነበር፤ ከጀርባዬ ቆሞ «ፈረሱን! ፈረሱን!» እያለ ይጮህብኝ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ትዕግሥቱ አልቆ እጁን ዘርግቶ ራሱ ይነካካዋል። ስለዚህ እኔ በመኪናይቱ ስም የያዝሁት ናፍቆት እኩሌታው የእርሱ ነው።

ይህንንም ሳስብ በራስ ወልደ ሥላሴ ላይ የፈረድሁት ፍርድ ጥቂት ይለዝብብኛል። ያን ያህል አገር የገዙ፥ ስንት ተንኮል ያዩ ሰው፥ እንግዳው ባንድ ጊዜ ያወቀውን ነገር እርሳቸው ሳያውቁት የኖሩ አይመስለኝም። አውቀውስ ከሆነ ስለ ምን ይጫወቱ ነበር? ምናልባት ማሸነፉ ለእርሳቸውም ከቁም ነገር የሚቈጠር አልነበረ ይሆናል። በዚያ ግቢ ውስጥ ማንም ሰው ከፊታቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ከሆነ፥ ባሪያው እንኳ ሳይፈራ «አይሆንም፥ በዚህ በኩል!» ብሎ ጠጠሩን የሚያነሣበት ሰዓት ያ ብቻ ነበረ።