የዘገየው ይቅደም

ልጆቼ፣ ከሠርጋችሁ በኋላ ያገኛችሁትን ጥቂት ዕረፍት የሰሜንን ተራሮች በእግር ለማየት ልታውሉት መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በእኛ ጊዜ ሙሽሮች ከመልሱ በኋላ ዘመድ ቤት ለዘመድ ቤት ሲዞሩ ይከርሙ ነበር እንጂ ገደል ለማየት ቀን የሚሰጣቸው አልነበረም። አዲስ አበባ ሁናችሁ ሁሉን ነገር በስልካችሁ እንዳያችሁት አውቃለሁ። ቢሆንም ደባርቅ ተወልዶ ደባርቅ ያረጀ ሰው የሚላችሁን ስሙና፣ የማይጠቅማችሁን እዚያው ጣሉት።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ጠባያቸው ይሆናል። ሳንባቸው ግን ከአንድ ባሕር አይቀዳም። ትናንት ጎንደር አንድ አልጋ ላይ አድረው፣ አንድ ገበታ ላይ ቀርበው፣ ዛሬ ቧሂት ተራራ ትከሻ ላይ አንዱ እንደ ቆቅ ሽቅብ ሲል ሌላው ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ይህ የወንድነትም የጉልበትም ነገር አይደለም። ኳስ ሲጫወት የሚውል ጎረምሳ አቅለሽልሾት ሲመለስ፣ ስፖርት የሚባል የማታውቅ ሚስቱ ደህና ስትሆን ብዙ ጊዜ ይታያል። ከፍታ ማንን እንደሚይዝ አስቀድሞ አይናገርም። ስለዚህ አንተ ልጄ፣ እሷ ብትደክም አታፍርባት፤ አንተም ብትደክም አትደብቃት። የሚደብቅ ሰው ነው ተራራ ላይ የሚብስበት።

ከሁለታችሁ ቀስ የሚለው ፊት ይሂድ። ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ፈጣኑ ፊት ሲሆን የሚሆነው ይህ ነው፤ ቀድሞ ይደርስና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ውኃውን ይጠጣል። ሌላው እያለከለከ ሲደርስ “በል እንሂድ” ብሎ ይነሣል። እንዲህ ሲባል ቀኑን ሙሉ ያረፈው ማረፍ የማያስፈልገው ሰው ብቻ ይሆናል። ከዚያ ኩርፊያ ይመጣል፤ ገደል አፋፍ ላይ መኳረፍ ደግሞ ጥሩ አይደለም። የዘገየው ከመራ ግን ሁለቱም እያወሩ ይሄዳሉ። ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል ማለት ነው፣ ቀንሱ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መቸኮሉ የሚጀምረው ገና ከጎንደር ስትነሡ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2100 ሜትር ግድም ላይ ናት። መንገዱ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ በወገራ ደጋ ላይ ወደ ዳባት ያወጣችኋል፤ ዳባት ስትደርሱ ከ2600 በላይ፣ ደባርቅ ስትደርሱ 2850 ግድም ላይ ናችሁ። እስከ ደባርቅ ሁሉም ተደማምሮ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጠዋት ከጎንደር ተነሥቶ በዚያው ቀን ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ ድረስ መንዳት የሚያምረው ብዙ ነው። ጨነቅ 3620 ሜትር ነው። ሰውነታችሁ በግማሽ ቀን 1500 ሜትር ተሰቅሎ “ምን አደረግኋችሁ?” ይላችኋል። ይልቅ ዳባት ላይ ወርዳችሁ ቡና ጠጡ፣ የወገራን የገብስ ማሳ እዩ፣ ደባርቅ ገብታችሁ እደሩ። ቀኑ ካልመሸ ከከተማው በስተ ሰሜን እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ተንሸራሸሩ። መንገዱ በጣሊያን ጊዜ ተቆርጦ ወደ ቆላ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ከላይ ማየት ራሱን የቻለ ጉብኝት ነው፤ ማንንም አያደክም።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ነው። ትኬት የምትቆርጡት፣ አስጎብኚ የምታገኙትና ስካውት የሚመደብላችሁ እዚያ ነው። ስካውት ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ነው፤ ያለ እሱ መግባት አይቻልም። ወጣቶች “ለሁለት ሰው ጠመንጃ ምን ያደርጋል?” ሲሉ እሰማለሁ። ስካውቱ የሚጠቅማችሁ በጠመንጃው ሳይሆን በዓይኑ ነው። ደመናው ከቆላ መነሣቱን እናንተ ሳታዩ ያየዋል፣ የቱ ዱካ ወደ ገደል እንደሚያወጣ ያውቃል፣ “ዛሬስ ይቅርባችሁ” ሲል ምክንያት አለው። እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል። ምሳ ስትበሉ አብሯችሁ ይብላ፤ ቆሎ ስትዘግኑ ለእሱም አቅርቡለት።

ስለ ስንቅና ልብስ አላረዝምም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ጫማ ጎንደር ገበያ ገዝታችሁ በማግስቱ ዳገት አትውጡበት፣ ከወር በፊት አድርጋችሁ አለማምዱት። ውኃ ለአንድ ሰው ከሁለት ሊትር አይነስ። በሶና ቆሎ ከሱቅ ብስኩት ይሻላል። ባርኔጣ አትርሱ፤ አየሩ ስለሚበርድ ፀሐዩ የማያቃጥል ይመስላል፣ ማታ ግን አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ለረጅሙ ዳገት ሌላ ቀን ምረጡ። አንቺ ልጄ፣ ነፍሰ ጡር የመሆን ጥርጣሬ ካለሽ ሐኪም ሳታማክሪ ወደ ላይ አትውጪ፤ ይህን ማንም ደፍሮ ስለማይነግርሽ ነው የነገርኩሽ።

ወሩን በተመለከተ፣ ሰኔ ሲገባ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብና ጭጋግ ነው፣ ገደሉ አይታይም። ጥቅምት ከሁሉ ይበልጣል፤ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አየሩም የታጠበ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ብሩህ ሆኖ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ከየካቲት ወዲህ አቧራና ጭጋግ ሩቁን ይጋርደዋል።

አሁን ከደባርቅ በየቀኑ ደርሳችሁ ወደምትመለሱባቸው ጫፎች። በመጀመሪያው ቀን ጫፍ አትፈልጉ። ከቡይት ራስ ተነሥታችሁ በገደሉ ጠርዝ በእግር ወደ ሳንቃ በር ሂዱ። ጭላዳዎቹን የምታገኙት እዚያ ነው፤ በመቶ እየሆኑ ሣር ሲነጩ ይውላሉ። ከዝንጀሮ ዘር ሁሉ ሣር ግጦ የሚኖር ጭላዳ ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያም ውጭ የለም። አውራው ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳያችሁ የሳቀ አይምሰላችሁ፣ “ራቁ” ማለቱ ነው። ምግብ አትስጡት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ እንግዶቹ እናንተ ናችሁ። ጊዜ ከተረፋችሁ ከሳንቃ በር አለፍ ብሎ የጅንባርን ፏፏቴ ከማዶ እዩት። ከ500 ሜትር በላይ ነው የሚወረወረው። በበጋ ግን ውኃው ይከሳል።

ሁለተኛው ቀን የእሜት ጎጎ ይሁን። 3926 ሜትር ነው። መኪናው መንገድ ላይ ጥሏችሁ በእግር ወደ ግጭ ሜዳ ትወጣላችሁ። ጓሳውና ጅብራው መሐል ስትሄዱ የሰው ቤት ፍራሽ ታያላችሁ። ግጭ መንደር ነበረች። ከባድ ግጦሽና እርሻ ፓርኩን ስለጎዳው ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ለመውጣቱ የግጭ ሰዎች ከአባት ርስታቸው መነሣት አንዱ ምክንያት ነው። ሣሩ ተመልሶ ለምለም ሆኗል፣ ይህ እውነት ነው። እናንተ የምታደንቁት ፀጥታ ግን ሰው የከፈለበት መሆኑን አትርሱ። ደባርቅ ላይ ሻይ የምትቀዳላችሁ ሴት ከዚያ የመጣች ልትሆን ትችላለች።

እሜት ጎጎ በሦስት ወገን ገደል ነው። ድንጋዩ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተደራረበ ነው፤ የቀረውን ውኃና ውርጭ ጠርበው ሠሩት። ነፋሱ ድንገት ይመጣል። ፎቶ የምትነሡ ከሆነ ተቀምጣችሁ ተነሡ፤ አንዳችሁ ሌላችሁን “ትንሽ ወደ ኋላ” እንዳትሉ። እኔ ከዚህ ምክር ሁሉ አንዱን ብቻ ታስታውሳላችሁ ብባል ይኸኛውን እመርጥ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ቧሂት ነው፤ 4430 ሜትር። ከጨነቅ ተነሥቶ 800 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ ለሚዘገይ እግር ሦስት ሰዓት ያልፋል። ጫፉ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚሰጣችሁ ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚሰጠው 60 በመቶ አይበልጥም። ጨነቅ ዙሪያውን ስታዩ ዋልያ ፈልጉ። ብሔራዊ ቡድናችን በስሙ የሚጠራው ዋልያ ከእነዚህ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ከቧሂት ወዲያ ጃናሞራ ነው። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ፣ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠባት ደረስጌ ማርያም እዚያ ናት። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠራት ውቤ ነበር፣ ለገዛ ንግሡ ሲያዘጋጃት። ስለዚህ እናንተም ቧሂት ጫፍ ላይ ለመነሣት ያሰባችሁትን ፎቶ አስቀድማችሁ ለዘመድ አታውሩ።

አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ። እኛ አገር ጀምበር 12 ሰዓት ግድም ትጠልቅና ወዲያው ይጨልማል። በአንድ ቀን ሂዶ የሚመለስ ሰው የሚቆጥረው የሚደርስበትን ሳይሆን የሚመለስበትን ሰዓት ነው። ከደባርቅ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሡ፤ እስከ ጨነቅ በኮረኮንች መንገድ ሁለት ሰዓት የሚያልፍ ጉዞ አለ። ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብትሆኑ ፊታችሁን አዙሩ። ጫፉ “ይኸውና” ቢመስልም አዙሩ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከቆላ ይነሣል፣ ከመጣ በኋላ አምስት እርምጃ አታዩም። ራስ ምታቱ ከጠና፣ ማስመለስ ከጀመረ፣ ወይም አንዳችሁ እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ሰዓቱንም አትጠብቁ፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። የወጣው ብርና የቀረው ጥቂት ዳገት አያጓጓችሁ። ከመሞት መሰንበት።

ራስ ደጀንንስ ትሉኝ ይሆናል። ትምህርት ቤት 4620 ሜትር ብላችሁ ያጠናችሁት ተራራ አሁን የሚጻፈው 4550 ግድም ተብሎ ነው። ባነሰ ቁመቱም ቢሆን ከደባርቅ ተነሥቶ በቀን የሚደረስበት አይደለም። ከጨነቅ በእግር ለሚሄድ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ መውረድ፣ ከዚያ እንደገና መውጣት አለ። ድንኳንና በቅሎ ይፈልጋል፣ ዕረፍታችሁም አይበቃውም።

አንድ የቀረኝ አለ። ይህ አገር ደህና ዓመት ካየ ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩን ያቃጠለው እሳት ነበር፤ ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጥቶ ነበር። ቀጥሎ ኮሮና እንግዳውን አስቀረ፣ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በነሐሴ 2013 ከዳባት ወጣ ብላ በምትገኘው ጭና ተክለ ሃይማኖት ያለቀውን ሰላማዊ ሰው እዚህ የማያውቅ የለም። ጥቁር የለበሰች እናት ስታዩ ካሜራ አታንሡ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ደባርቅ ያለ ሰው በስልክ ሳትጠይቁ ከጎንደር አትነሡ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንዲሉ፣ የዕለቱን ነገር የሚያውቀው የዕለቱ ሰው ነው። ስትመጡ ደግሞ አስጎብኚ ቅጠሩ፣ በቅሎ ተከራዩ፤ ባትቀመጡበት እንኳ ጓዝ ይይዝላችኋል፣ ለደከመም ይደርሳል። የአስጎብኚዎቹና የበቅሎ አከራዮቹ እንጀራ ያለ እንግዳ አይጋገርም።

ሦስት ቀን ካላችሁ በነገርኳችሁ ቅደም ተከተል ሂዱ። ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ ቧሂትን ተዉትና እሜት ጎጎን ውጡ፤ ቁመቱ በ500 ሜትር ያንሳል፣ የሚታየው ግን ይበልጣል።