የዘለሉትን አድምጪ

ልጄ፣ «አባባ፣ የማያዳላ ጣቢያ የቱ ነው? ንገረኝና እሱን ብቻ ልከታተል» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ሰው የሚፈልገው ለወገኑ የሚያዳላለትን ነውና። ነገር ግን አንዱን ጣቢያ ይዘሽ እፎይ የምትይበት ዘመን አልነበረም፤ ዛሬም የለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና እስቲ ከሥሩ ልጀምርልሽ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ማታ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራውን የወሎ ረሃብ ፊልም አሳየ። ፊልሙ በእንግሊዝ አገር ከታየ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር፤ የእኛዎቹ ጋዜጣና ራዲዮ ግን ያን ሁሉ እልቂት አፍነው ከርመዋል። ደርግም ፊልሙን እንዳለ አላቀረበውም። አጥንታቸው የገጠጠ ሰዎች ይታያሉ፣ ወዲያው የቤተ መንግሥት ድግስ ይከተላል፤ ደግሞ የተራበው ሕዝብ፣ ከዚያ የንጉሡ ውሾች ሥጋ ሲጎርሱ። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ልብ በይ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ተመልካቹ ምን እንዲሰማው እንደተፈለገ የታወቀው ግን ሁለቱን በቀጣጠለው እጅ ነው። ይህን ስልሽ ለንጉሡ መሟገቴ አይደለም፤ ረሃቡን መደበቃቸው ግፍ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ የሆነው ነው። መስከረም 1977 ደርግ ዐሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ፓርቲውንም ሲመሠርት፣ ያው ቴሌቪዥን ሰልፍና ባንዲራ ያሳያል። ወሎና ትግራይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል፤ ስለ እነሱ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ካሜራማኑ መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ጋዜጠኛው ማይክል በርክ የተናገረበት የኮረም ረሃብ ፊልም ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ወጥቶ ነው ዓለም የደነገጠው። በረሃብ ፊልም ንጉሥ ያወረደ መንግሥት ተራው ሲደርስ ረሃብ ደበቀ! ስለዚህ ልጄ፣ አንድ ጣቢያ ምን አለ ብለሽ ስትጠይቂ፣ ምንን ዘለለ ብለሽም ጠይቂ። የሐሰት ወሬ ውሎ አድሮ ይጋለጣል፤ የተዘለለውን ግን የሚያስታውስሽ አታገኚም።

የውጭዎቹስ ትዪኝ ይሆናል። በደርግ ዘመን ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ መስኮት ዘግተን የአሜሪካ ድምፅንና ዶይቸ ቬለን እናዳምጥ ነበር፤ ውለታቸውን አልክድም። ሆኖም «በማን ላይ ቆመሽ እግዜርን ታሚያለሽ» የሚባለው ለእነሱም ይሠራል። የአንዱ ደሞዝ ከዋሽንግተን፣ የሌላው ከጀርመን መንግሥት ነው። በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ያፈነው የእኛው መንግሥት ነበር። በመጋቢት 2017 ግን የራሱ አገር መንግሥት ሠራተኞቹን ቤታችሁ ተቀመጡ ብሎ ድምፁ ተቋረጠ። ገንዘቡን የሚሰጠው መዝጊያውንም ይዟል። ቢሆንም ተከሳሹን ፈልጎ የሚያነጋግር፣ ሲሳሳትም በይፋ የሚያርም ጣቢያ ከሌላው ይሻላልና ከእነዚህ መካከል እንዲህ የሚያደርገውን አስቀድሚ።

በስልክሽ የሚመጣው ደግሞ ባለቤቱም አይታወቅ። ዩቲዩቡ ተመልካች ባገኘ ቁጥር ገንዘብ ያገኛል፤ ተመልካች ደግሞ በቁጣ ይመጣል። በጥቅምት 2013 በትግራይ በጀመረው ጦርነት ጊዜ የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ሬሳ «የእኛ ወገን ነው» እየተባለ ሲዞር አይተናል። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚባለው ለዚህ ነው። በዚያ ፎቶግራፍ የተነሣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ተቆራርጧል፤ ፎቶው የሌላ አገር መሆኑ ሲታወቅም ቂሙ አልሻረም።

ሽምግልና ስንቀመጥ ከሳሽን ብቻ ሰምተን አንፈርድም። ብቻውን የሚናገር ከሳሽ ሁልጊዜ ይረታል፤ ተከሳሹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲናገር ግን ቋንቋውም ይቀየራል። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። የመንግሥትን ጥፋት ከተቃዋሚው ጣቢያ፣ የተቃዋሚውን ጥፋት ከመንግሥት ጣቢያ ስሚ፤ እያንዳንዱ የባላንጣውን ገመና አይሸፍንም። የሚጠላሉት ሁለቱ ሳይወዱ የተስማሙበት ነገር ካለ እሱን ያዢ። በተለያዩበት ላይ «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ነው፤ ተናጋሪው ቦታው ላይ ነበር ወይስ አሜሪካ ሜሪላንድ ተቀምጦ ነው የሚያወራው? የሞተ ሰው ቁጥር ሲጠራ ማን ቆጠረው? «ምንጮች ገለጹ» ካለሽም ምንጩ ለምን ስሙን እንደሸሸገ ይንገርሽ፤ ፈርቶ ከሆነ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱ ካልተነገረሽ ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»።

ከሁሉ የሚከብደው የራስሽ ጆሮ ነው። የእኛ ሰው ተገደለ ሲባል ማስረጃ ሳትጠይቂ ታለቅሻለሽ፤ የእኛ ሰው ገደለ ሲባል ግን ምስክር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቪዲዮ ትጠይቂያለሽ። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ጠይቂ። የወገንሽን ጥፋት የሚናገር ዜና ሲመጣ ስልኩን አትዝጊ፤ ሆድሽ እየተቃጠለም ቢሆን እስከ መጨረሻው ስሚው። የሌላው ወገን እናትም እንደ እናትሽ ናት፤ ልጇን ቀብራለች።

ከእንግዲህ በቴሌግራም ቪዲዮ ስትልኪልኝ ከሥሩ የት እንደተቀረጸ፣ መቼ እንደተቀረጸና መጀመሪያ ማን እንዳወጣው ጻፊልኝ። ካላወቅሽ አትላኪው፤ ለሌላም አታስተላልፊው። ሳምንት ቢፈጅብሽም እጠብቅሻለሁ።

አያትሽ