ሙት ወቃሹ ጨርቅ

የሟች ጥፋት ሲነሣ «ሙት ወቃሽ አታድርገኝ» እንላለን፤ ብለን ግን አንተውም፣ እንወቅሳለን። ይቅርታው ለሟቹ ይሁን ለራሳችን፣ ደፍሮ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም። ይህን ያሳሰበኝ ከወደ አሜሪካ የሆነ አንድ ጨርቅ ነው።

የኤድስ መታሰቢያ ጨርቅ ይሉታል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1985 ያፈለቀው ክሊቭ ጆንስ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ነዋሪ ነው። በበሽታው ለሞተ ሰው ወዳጅ ዘመዱ ስሙ ያለበት ቁራጭ ይሰፋለታል፤ ቁመቱ ስድስት ጫማ፣ ወርዱ ሦስት ጫማ፣ ልክ የመቃብር ያህል። እ.ኤ.አ. በ1987 ዋሽንግተን ላይ ሲዘረጋ 1,920 ቁራጭ ነበር፤ ዛሬ ወደ 50,000 ደርሷል። ሐውልት ባለበት ቆሞ ሰው ይጠብቃል፤ ይህኛው ግን ተጣጥፎ እየተጫነ፣ በየከተማውና በየትምህርት ቤቱ ከፊል ከፊሉ ሲዘረጋ ኖሯል።

ከሟቾቹ መካከል ሮይ ኮን አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሴናተር ማካርቲ ቀኝ እጅ ሆኖ፣ በኮሚኒስትነት የተጠረጠሩትን ያፋጥጥ የነበረው ጠበቃ ነው። በዚያ ዘመን በጥርጣሬ ብቻ እንጀራው የተዘጋበት ብዙ ነው። ኮን እ.ኤ.አ. በ1986 እስኪሞት ድረስ «የያዘኝ የጉበት ካንሰር ነው» እያለ ኤድስን ካደ። በጨርቁ ላይ ከስሙ ጋር የሰፈሩት ቃላት ሦስት ናቸው፤ ጉልበተኛ፣ ፈሪ፣ ተጠቂ።

ይህ ተገቢ ነው? አይደለም የሚል ሰው ቀላል ክርክር አልያዘም። ሟች መልስ አይሰጥም፤ የደበቀውን ሕመም አደባባይ ማውጣትም ነውር ነው። እኛስ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ (በራሳችን አቆጣጠር) ስንቱን «ባደረበት ሕመም» እያልን ቀበርን! ያን ዝምታ እኔ አልኮንነውም፤ ቤተሰብ የተረፉትን ልጆች ከጎረቤት ጣት የከለለበት መጋረጃ ነበር። የኮን ነገር ግን ለየት ይላል። የሌላውን ስም በአደባባይ ሲያጠፋ የኖረ ሰው፣ የገዛ ስሙ በአደባባይ ቢመረመር ምን ግፍ አለው?

«ፈሪ» የሚለው ቃል ብቻ ይከነክነኛል። በሽታውን መደበቁን ለማለት ከሆነ፣ በዚያው ጨርቅ ላይ ከተሰፉት መካከል ይህን ፍርሃት የተካፈለው ስንቱ ይሆን? ጉልበተኝነቱ የራሱ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን የሁሉም።

ሦስተኛውን ቃል ሳነብ ቁጣዬ ይበርዳል። ቃላቱ የወዳጅ አይደሉም። ቢሆንም የሰፋው ሰው ጨርቁን ሲቆርጥ አላሳነሰበትም፤ እንደ ማንኛውም ሟች ስድስት በሦስት ለክቶ ሰጠው።